የተጨማደደው እጅጌ

ቤተሰቡ «የድንጋይ ሐኪም» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ሲታክተው። «እህትህ ምን ትሠራለች?» ሲሉት «ድንጋይ ታክማለች፣ እስካሁን የሞተባት የለም» ብሎ ይገላገላል። እሷም ስሙን አልጠላችውም፤ ከእውነቱም ብዙ አይርቅም። በቤተ መዘክሩ ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮቷ ከእግረኛ መንገዱ እኩል በሆነች ጠባብ ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የጥንት ሰዎች ፈልጠው የሠሯቸውን የባልጩት ስለቶች ትመረምራለች። በውጭ የሚያልፈውን ሰው የምታውቀው በጫማው ብቻ ነው።

ሥራው ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው፣ የስለቱ ጠርዝ እንዴት እንደተበላ ማየት ነው። ቆዳ ሲፍቅ የኖረ ድንጋይና እንጨት ሲልግ የኖረ ድንጋይ አበላላቸው ይለያያል፤ የአንዱ ጠርዝ ይዶለዱማል፣ የሌላው ወዝ ያወጣል፣ ጭረቱም የእጁን አቅጣጫ ይናገራል። ሁለተኛው፣ በጠርዙ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጦ የቀረ ነገር ካለ መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው አፈር ነው። እሷ ግን ቀንቷት ስታርች አገኘች፤ ያ በድንችና በመሰሎቹ ሥራ ሥሮች ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት። በማይክሮስኮፑ ልዩ ብርሃን ሲያዩት እያንዳንዱ ቅንጣት ቦግ ይላል፤ መሀሉ ላይም ጥቁር መስቀል ይወጣበታል።

ነገሩ ትልቅ ነበር። እነዚያን ስለቶች የያዙት ሰዎች ሥጋ ብቻ ሲያሳድዱ የኖሩ አይደሉም፤ ሥራ ሥር ቆፍረው፣ ልጠው፣ ቆራርጠው በልተዋል ማለት ነው። ይህን ደግሞ ሰኞ ጠዋት አለቃዋ በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ቆመው ሊናገሩት ነው። «ጋሼ» የምትላቸው አለቃዋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ሌላው ሁሉ «ከድንጋይ እጣቢ ምን ይገኛል?» እያለ ሲያሾፍባት፣ «ተዉአት፣ ታይ» ብለው ክፍሉንም ማይክሮስኮፑንም ያሰጧት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሰኞ የሚቆመው የእሷ ስም ብቻ አልነበረም።

እሮብ ዕለት ጋሼ ብቅ ብለው «አንድ ነገር ይቀረናል፤ ምስክር አስቀምጪ» አሏት። ምስክር የሚሉት ንጹሕ ስስ መስታወት ነው። ሥራ እየተሠራ ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን ይውላል፤ ማታ ባዶውን ከተገኘ ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ የሆነ ነገር ካረፈበት ግን ያ ነገር ድንጋዩም ላይ አርፏል ማለት ነው። ክፍሉ እንደተሰጣት ሰሞን አድርጋው ነበር። ያኔ ንጹሕ ስለሆነላት ከዚያ ወዲህ እርግፍ አድርጋ ትታዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ምስክሩን ማይክሮስኮፑ ሥር አስገብታ ብርሃኑን አዞረች።

መስታወቱ ላይ ስታርች ነበር። ያውም ከድንጋዮቹ ላይ ያገኘችውን የሚመስል፣ እንቁላል ቅርጽ ያለው፣ መስቀሉ ወደ አንድ ጫፍ ያዘነበለ የሥራ ሥር ስታርች። መስታወቱን አውጥታ፣ ሌንሱን ወልውላ፣ እንደገና አየች። ስታርቹ ንቅንቅ አላለም። የዛሬ ስታርች በክፍሏ ውስጥ እየበረረ ከሆነ፣ ድንጋዩ ላይ ያለው የጥንት ነው ብትል ማን ይሰማታል? ጠርዙ ላይ ያለው ወዝ እንኳ ብቻውን አይረዳትም፤ ለስላሳ ነገር መቁረጡን ይናገር ይሆናል እንጂ ምን እንደቆረጠ አይናገርም። የዓመታት ልፋቷን ውኃ ሊበላው ነው። ይባስ ብሎ ጋሼ ያንን ሁሉ ሰው ፊት ቆመው የእሷን ቆሻሻ የጥንት ሰው ቀለብ ነው ብለው ሊናገሩ ነው።

ወዲያው ሄዳ መንገር ነበረባት። አልሄደችም። «ጉድ ሆነናል» ብሎ ባዶ እጅ ከመሄድ «ጉድ የሆንነው በዚህ ነው» ብሎ መሄድ ይሻላል ስትል ራሷን አሳመነች። ፍርሃት መሆኑን አጥታው አይደለም። እስከ ዓርብ ለራሷ ጊዜ ሰጠችና ፍለጋ ገባች።

መጀመሪያ ጓንቱን ጠረጠረች፤ አንዳንዱ ጓንት እጅ እንዲቀበለው ውስጡ በስታርች ይነሰነሳል። የእነሱ ግን ዱቄት የሌለበት ነው፤ አጥባ እጣቢውን አየች፣ ምንም የለም። የእጅ ማድረቂያ ወረቀቱን ቀድዳ አየች፣ ምንም የለም። የተጣራውን ውኃ፣ የግድግዳውን ቀለም ፍርፋሪ፣ የአየር ማስገቢያውን አቧራ፣ የወንበሯን ጨርቅ ሳይቀር መረመረች። ሁሉም ንጹሕ ሆነው አበሳጯት። በሕይወቷ ንጽሕና እንዲህ አናዷት አያውቅም።

ዕቃው ሁሉ ነጻ ሲወጣ ጥርጣሬዋ ሰው ላይ ወደቀ። ከጎኗ ባለው ክፍል የእንስሳት አጥንት የሚመረምረው ሰው አለ፤ «አጥንቴ» ነው የሚሉት፣ እሱም ወዶ ተቀብሎታል። አጥንቴ ክፋት የለበትም። ችግሩ አፉ አያርፍም፤ ወይ ያወራል ወይ ይበላል፤ መሳቢያው ውስጥ የድንች ቺፕስ ጠፍቶ አያውቅም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ገብታ ፊቱ ቆመች።

«ያንን ቺፕስህን የት ነው የምትበላው?»

«በአፌ» አለ አጥንቴ።

«ቀልዱን ተወው። እኔ ክፍል ይዘኸው ገብተህ ታውቃለህ?»

«አንቺ ክፍል? እንኳን ልበላ፣ ስተነፍስም ፈቃድ ጠይቄ ነው» አለና ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ዋጠው። «ምነው? ምን ሆነሻል?»

«ምንም። አንድ ስጠኝ።»

ከረጢቱን ዘረጋላት፤ ተርባ መስሎት ነበር። አንዷን ቺፕስ በመቆንጠጫ ይዛ ስትወጣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ማይክሮስኮፑ ሥር ስታደርገው ግን የአጥንቴ ቺፕስ ያለ ዋስ በነጻ ተለቀቀ። ስታርች ሲበስል ቅንጣቱ አብጦ ይፈርሳል፣ መስቀሉም ይጠፋል፤ የምስክሩ መስታወት ላይ ያለው ደግሞ መስቀሉ ያልተነካ ጥሬ ነው። ይህን ለማወቅ ቺፕስ መመርመር አያስፈልጋትም ነበር። ድንጋጤ ነው ያስረሳት። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ እናቷ «በልተሻል?» ስትላት «አዎ» ብላ ዋሽታ ተኛች።

ዓርብ ረፋድ ላይ ፀሐይ በዚያች ጠባብ መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመች። የድንጋይ ሐኪሟ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ለጋሼ የምትለውን በልቧ ስታደራጅ፣ ክንዷን አነሣች። እጅጌዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲፈትገው ቀሽ አለ። እጇን አውርዳ እንደገና አነሣች። አሁንም ቀሽ አለ። ጨርቅ እንዲህ ብሎ አያውቅም። የነጭ ጋዋኗን እጅጌ አየችው፤ ወረቀት መስሎ ቀጥ ብሏል፣ ጫፉ እንኳን ሊተጣጠፍ ጣት ይወጋል።

ንጹሕ መስታወት አንሥታ የእጅጌውን ጫፍ በላዩ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችበት። ብርሃኑን ስታዞር መስታወቱ በመስቀል ተሞልቶ ነበር።

ጓንቱ አይደለም፣ ውኃው አይደለም፣ ምስኪኑ አጥንቴም አይደለም። እናቷ ነች።

እናቷ ከእሷ ጋር መኖር የጀመረችው አባቷ ካረፉ በኋላ ነው። በገዛ ቤቷ ስታዝዝ የኖረች ሴት በልጅ ቤት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ጭንቅ ሆነባት። ባልዲ ስታነሣ «ወገብሽን» ትባላለች፣ ገበያ ልሂድ ስትል «ደረጃው» ትባላለች። አንድ ቀን ግን ጋዋኑን ከበር ኋላ አንሥታ «ይሄ የእኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ» አለች። ልጅቷም ደስ አላት፤ የምትሠራው ነገር ካገኘች ይሁንላት አለች። ከዚያ በኋላ ጋዋኑን ታጥቦና ተተኩሶ ከምስማሩ ላይ ማውረድ እንጂ ማየት ትታ ነበር። እንግዲህ ሥራዋ የሰው ዐይን የማያየውን ማየት ነው፤ የለበሰችውን አላየችም።

ጋዋኑን አውልቃ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አውቶቡስ ተሳፈረች። አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የሚያስፈልጋት። እናቷ ስታርች ማድረግ የጀመረችው መቼ ነው? ድንጋዮቹ በሁለት ሣጥን ነበር የመጡላት። ግኝቱ የተገኘው በመጀመሪያው ሣጥን ነው፤ ሁለተኛው የመጣው ዘግይቶ፣ ነገሩን ለማጠናከር ነበር። ስታርቹ ከመጀመሪያው ሣጥን በፊት ተጀምሮ ከሆነ ሁሉም አለቀ። በኋላ ከሆነ ግን ዋናው ይተርፋል።

እናቷ ሳሎን ተቀምጣ አዝራር ትሰፋ ነበር። በረንዳው ላይ ሁለተኛው ጋዋን ተሰጥቷል።

«ምነው በዚህ ሰዓት? አሞሻል?»

«ደኅና ነኝ እማዬ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋዋኔ ላይ ስታርች ታደርጊያለሽ?»

እናቷ የልጇን ፊት አየች። ይህችን ልጅ ከነምጧ ታውቃታለች፤ ደኅና አለመሆኗ ጠፍቷት አይደለም።

«ማን? እኔ?»

«አንቺ።»

«ኧረ በውኃና በሳሙና ነው የማጥበው» አለች መርፌዋ ላይ አቀርቅራ። በረንዳው ላይ ያለው ጋዋን ግን ነፋሱ ሲነካው እንደ ጨርቅ አልተወዛወዘም፤ እጆቹን ዘርግቶ፣ ድርቅ ብሎ፣ ይመሰክርባት ነበር።

ልጅቷ ወንበር ሳበችና ከፊቷ ተቀመጠች። ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ፣ ከሥሩ አስረዳቻት፤ ድንጋዩን፣ ስታርቹን፣ እጅጌው ላይ ያለውን፣ የሰኞውን ጉባኤ። እናቷ አዝራሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰማች። ስትጨርስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«አበላሸሁብሽ?»

«ገና አላወቅሁም።»

«ወንድምሽ ጋ ልሂድልሽ? እሱ ጋ ቢሆን የማበላሸው የለም፣ ልጆቹ ሁሉን ጨርሰውታል።»

ልጅቷ ስለ ድንጋይ ልታወራ መጥታ፣ እናቷ የፈራችውን ገና አሁን አወቀችው። «የትም አትሄጂም» አለቻት። «ማንም የትም አይሄድም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብቻ ነው።»

«ከመቼ ብልሽ ይሻልሻል?»

«እማዬ!»

«ካለፈው ሳምንት ልበል? እላለሁ። ከፈለግሽ መጥቼም እናገራለሁ።»

የድንጋይ ሐኪሟ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «የሚሻለኝን ሳይሆን የሆነውን ንገሪኝ።»

እናቷ «ይሄን እንኳ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር» ብላ ተነሣችና መኝታ ክፍል ገባች። ከቁም ሣጥኑ ኋላ የሆነ ነገር ስትጎትት ተሰማ። በአንሶላ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ይዛ ተመለሰች። ሲፈታ ፎቶ ነው፤ በመስታወት የገባ፣ ቤተ መዘክሩ የሰጣት ፎቶ። ልጅቷ ፎቶውን ካመጣችው ወዲህ «መቼ ነው የምንሰቅለው?» እያለች ትጠይቅ ነበር። እናቷ አንዴ ምስማር የለም፣ አንዴ ግድግዳው አይመችም ትላለች። በመጨረሻም ሁለቱም መጠየቁንም መመለሱንም ተዉት።

«ይሄን ያየሁ ዕለት ነው የጀመርኩት» አለች እናቷ። «እስቲ እጅጌሽን እይው። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ለብሶ አምሮበት ከቦሽ፣ አንቺ መሀላቸው ላም ያኘከው ጨርቅ ለብሰሽ። አላስቻለኝም። ይቺ ልጅ እናት የላትም እንዴ ይሏታል አልኩ።»

ልጅቷ ፎቶውን ትኩር ብላ እያየች ነበር።

«የሱቁ ስታርች አይረባም፤ ራሴ ነው የሠራሁት» አለች እናቷ፣ አንዴ ከተናዘዘች ላይቀርላት። «ድንቹን ፈቅፍቄ፣ በውኃ አሽቼ፣ በስስ ጨርቅ አጥልዬ፣ ሲዘቅጥ ውኃውን ደፍቼ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ። እንደ ሰዉ አልቀቅለውም፣ ይጓጉላል። በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ እነክርበታለሁ፤ የምተኩሰውም ድርቅ ካለ በኋላ ነው። ጫፉን ደግሞ ደገም አደርገዋለሁ፣ ቶሎ ስለሚቆሽሽ።»

ድንች። ጥሬ። ጫፉ ደገም። ሁሉም ልክ ገባ። ግን የድንጋይ ሐኪሟን ቀልብ የያዘው ሌላ ነበር። ይህ ፎቶ የተነሣው ለምን ነበር? የመጀመሪያው ሣጥን ሥራ አልቆ፣ ግኝቱ ተገኝቶ፣ ቤተ መዘክሩ በሙሉ ደስ ብሎት ምድር ቤት የወረደ ዕለት ነው። ስታርች ድንጋዩ ላይ ባይገኝ ፎቶ አይነሣም፤ ፎቶው ባይነሣ እናቷ አታፍርም፤ እናቷ ባታፍር ድንች አይፈቀፈቅም።

ከቦርሳዋ የእጅ ሌንስ አወጣች። ድንጋይ እንደምታይ አድርጋ ፎቶውን ከዳር ጀምራ አየችው። እጅጌው ከክርን እስከ ጫፍ ጭምድድ ብሏል፤ ጫፉ ታጥፎ ተንጠልጥሏል፤ ስታርች የነካው ጨርቅ እንዲህ አይሆንም። ከእጅጌው ሥር ጠረጴዛው ላይ የመጀመሪያው ሣጥን ድንጋዮች በየትንንሽ ከረጢታቸው ተደርድረዋል። ቅሪቱ ታጥቦ የተወሰደለት ድንጋይ ከረጢቱ ላይ ቀይ ክብ ይለጠፍበታል። አንድ በአንድ አየች። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ቀይ የሌለው አልነበረም።

«እፎይ» አለችና ከወንበሩ ወርዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሳቋ መጣ፣ ዕንባዋም አብሮ መጣ፣ የቱን ማስቀደም እንዳለባት አላወቀችም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሥቶ ሲሄድ ታወቃት።

«ልጄን አሳበድኳት» አለች እናቷ።

«አላሳበድሽኝም። እጅጌዬ ተጨማዷል እማዬ! እግዜር ይስጥልኝ፣ ተጨማዷል!»

እናቷ ምኑ እንዳስደሰታት ገና አልገባትም። ልጇ መደሰቷ ግን በቂ ነበርና አብራት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ሁለቱም እዚያው ወለሉ ላይ እንዳሉ ምሳ በሉ፤ ልጅቷ የትናንቱንም አካክሳ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼን ቤተ መዘክሩ ውስጥ አገኘቻቸው። ፎቶውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፈርታ ሐሙስን ማለፏንም ጭምር። ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው እጅጌውን በሌንስ ረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔን ይበቃኛል» አሉ። «እነሱን ግን አይበቃቸውም። በእጅጌ ተከራክሬ የማሸንፍበት ጉባኤ አይደለም።» ቀና አሉ። «ያቺ ድንጋይ አለች አይደል?»

አለች። ከየሣጥኑ አንዷን ድንጋይ ከነአፈሯ፣ ሳይነኳትና ሳያጥቧት የማስቀረት ልማድ አላቸው፤ ምናልባት ነገ የተሻለ መሣሪያ ከመጣ ብለው። የመጀመሪያው ሣጥን ድንጋይ ከሌሎቹ ተለይታ መጋዘን ስለተቀመጠች ፎቶው ላይ የለችም፤ ከተቆፈረችበት ቀን ጀምሮ ከረጢቷ አልተከፈተም። እሷ ላይም ስታርች ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ካልተገኘ ግን የትናንቱ እፎይታ ሁሉ ከንቱ ነው።

አብረው ምድር ቤት ወረዱ። ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን፣ መብራቱን ሳይቀር ሁለት ጊዜ አጠቡ። ጋዋን አልለበሰችም። ጋሼ የሸሚዛቸውን እጅጌ ዳሰስ አደረጉና ሳል አሉ። «የእኔም እኮ ስታርች አለበት፤ ባለቤቴ ናት» ብለው እስከ ክርናቸው ጠቀለሉት። ሁለቱም ልብስ ሊያጥቡ የተነሡ መስለው፣ ክንዳቸውን ገልጠው ተቀመጡ። ከጎናቸው አዲስ ምስክር አኖሩ። ከረጢቱን ቀደደች፣ አፈሩን በመርፌ አነሣች፣ ጠርዙን በጠብታ ውኃ አጠበች። ጀርባውንም ለብቻ አጠበች፤ ቆራጭ ድንጋይ ጀርባው አይቆርጥምና እዚያ ምንም መኖር የለበትም።

መጀመሪያ ምስክሩን አየች። «ባዶ» አለች። የጀርባውን አየች። «ባዶ።» ቀጥሎ የጠርዙን አስገብታ ብርሃኑን አዞረች።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

ቅንጣቶቹ ብዙ አልነበሩም። አንዷ ተሰንጥቃለች፣ ሌላዋ ግማሽ ነች፤ ሁለቱ ግን ሙሉ ናቸው፣ መስቀላቸው ወደ አንድ ጫፍ አዘንብሎ። ቀስ ብላ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ጋሼ አጎንብሰው አዩ። ቀና ሲሉ ዐይናቸው እርጥብ ነበር፤ እሳቸውም አልደበቁትም።

«ሐሙስ ነግረሽኝ ቢሆን ይሄን ጭንቀት ለሁለት እንካፈለው ነበር» አሉ። «ሁለተኛ ለብቻሽ እንዳትይዥው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ሰኞ የምናገረው ስለ መጀመሪያው ሣጥን ነው። ሁለተኛውን እንተወዋለን፤ ለምን እንደተውነውም እናገራለሁ። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። ከንግግሩ በኋላ እንግዶቹን እዚህ አወርዳቸዋለሁ፣ ጋዋንሽን ለብሰሽ ጠብቂን።» ደረጃው ላይ ቆም አሉና «ስታርች የሌለውን» ብለው ጨመሩ።

ስትወጣ የአጥንቴን ክፍል አንኳኳች። ቅዳሜም እዚያው ነው፤ ቤቱ የሚያዋራው ሰው የለውም መሰለኝ። አንድ ትልቅ ከረጢት ቺፕስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ይቅርታ» አለችው። አጥንቴ ከረጢቱን ገልብጦ አየው፣ እሷን አየ፣ «መርዝ የለውም አይደል?» አለ፤ መልሷን ሳይጠብቅ ግን ከፈተው።

እሑድ እናቷ ጎረቤት ሄዳ መዶሻና ምስማር ተውሳ መጣች። ያ አይመችም ሲባል የኖረ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ተመቸ። ፎቶው ከበሩ ትይዩ ተሰቀለ፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ሆነ። መዶሻዋን ልትወስድ የመጣችው ጎረቤት «ውይ፣ ልብሷ ምነው እንዲህ...» ብላ ሳትጨርስ እናቷ ቀደመቻት። «እሱ እጅጌ ባይኖር ልጄ ጉድ ሆና ነበር» አለች በኩራት፣ ወገቧን ይዛ። ከዚያ ስታስረዳት ታሪኩ ትንሽ ተለወጠ፤ ድንጋዩ አንድ ብቻ ሆነ፣ ጋሼም አለቀሱ ተባለ። ልጅቷ ከወጥ ቤት እየሰማች አላረመቻትም።

ሰኞ ጠዋት ጋዋኑ ምስማሩ ላይ ነበር። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ታጥቧል፤ ስታርች ዞር አላለበትም። እናቷ ግን ካውያውን መተው አልሆነላትም፤ እጅጌው ልስልስ ብሎ፣ ያለ አንዲት መጨማደድ ወርዷል። የድንጋይ ሐኪሟ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ልታስገባው ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ዛሬም ፎቶ ያነሡሻል?»

«ያነሡኝ ይሆናል።»

«ያ ሁሉ ሰው ይመጣል?»

«ይመጣል።»

እናቷ ጋዋኑን ተቀበለቻትና እጅጌውን ዘርግታ አየችው። በአውራ ጣቷ ከትከሻው እስከ ጫፉ ዳበሰችው፤ ያማረ ሥራ ነበር። ከዚያ ሁለቱን እጅጌዎች ሰብስባ በሁለት መዳፏ መሀል ጨብጣ አሸቻቸው፤ ጨምቃ አሸቻቸው፤ እንደገና አሸቻቸው። ስትለቃቸው ላም አኝኮ የተፋቸው መስለው ነበር። የራሷን ሥራ አይታ ፊቷን አጨፈገገች፤ ግን መልሳ አላቃናቸውም።

«እንዲህ ከሆነ ያምኑሻል አይደል?»

ልጅቷ ያለ ስታርች እስከሆነ ድረስ ቢተኮስም ባይተኮስም ልዩነት እንደሌለው ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። «ያምኑኛል እማዬ» አለች።

«እናት የላትም እንዴ ካሉ ደግሞ፣ አለችኝ በያቸው። ይሄን ያጨማደደችው እሷ ነች በያቸው።»

የድንጋይ ሐኪሟ እናቷን አንገቷ ሥር ሳመቻት። ጋዋኑን ቦርሳ ውስጥ አልከተተችውም፤ እዚያው በሩ ላይ ለበሰችውና ደረጃውን ወረደች።